የጥንቸል ወጥ በአንደኛ ማዕረግ

ለንደን ቪክቶሪያና አልበርት ሙዚየም ስሄድ መጀመሪያ የምገባው ካፌው ነው፣ አትፍረዱብኝ፣ ብርድ ነዋ። መግቢያው ነጻ ነው ሻዩ ግን ያስከፍላል። ካፌ ስላችሁ ጥግ ላይ የተወሸቀች ኪዮስክ እንዳትመስላችሁ፣ ምሰሶው ግድግዳው ሁሉ የሚያብረቀርቅ ሸክላ ነው፣ ከላይ ደግሞ ዙሪያውን የመጽሐፈ መክብብ ቃል ተጽፏል፣ ለሰው ከመብላትና ከመጠጣት በድካሙም ከመደሰት የሚሻለው የለም የሚለው። ሙዚየም ውስጥ እኮ ነው!

ነገሩ የቆየ ነው። የመጀመሪያው ዳይሬክተር ሄንሪ ኮል ሠራተኛው ሕዝብ መጠጥ ቤት ከሚያመሽ እኔ ጋ ያምሽ ብሎ ቤቱን በጋዝ መብራት ማታ ማታ ከፈተው፣ የሚያመሽ ሰው ደግሞ ይርበዋል፣ እና ምግብ ቤት አስገባበት። በዓለም የመጀመሪያው የሙዚየም ምግብ ቤት እሱ ነው ይባላል። ሸክላውም ለጌጥ ብቻ አይደለም፣ ሲቆሽሽ በእርጥብ ጨርቅ ጠረግ ነው፣ እሳትም አይነካውም። ግን ሜኑው በማዕረግ ነበር፣ አንደኛ፣ ሁለተኛ፣ ሦስተኛው ለወዛደሩ። በአንደኛ ማዕረግ ከሚቀርበው አንዱ ምን መሰላችሁ፣ የጥንቸል ወጥ! ለእናቴ በስልክ ብነግራት "በል እኔን ከሦስተኛው አስቀምጠኝ" አለች።

እነዚያ ያማሩ ክፍሎች የተከፈቱት በፈረንጅ 1868 ነው፣ በኛ 1860 መሆኑ ነው። ዓመቷን አወቃችኋት አይደል? በዚያችው ዓመት ጦራቸው መቅደላ ነበር፣ ከዚያ ተጭኖ የሄደው የወርቅ አክሊልና ጽዋ ዛሬ ያለው እዚሁ ሙዚየም ነው። እኔ ሻዬን ጠጥቼ ሄጄ አየዋለሁ፣ የማይጠጣበት ጽዋ።

አምና ባሕር ዳር ገብቼ ከእህቴ ልጅ ጋር በጀልባ ዘጌ ዑራ ኪዳነ ምሕረት ሄድን። የመቅደሱ ግድግዳ ከላይ እስከ ታች ስዕል ነው፣ ዕቃ ቤቱ ውስጥ አክሊሉ አለ ብራናው አለ፣ ለንደን ቢሆን ለዚህ ሁሉ ሦስት ካፌ ይከፈትለት ነበር ብዬ ሳስብ ሆዴ መጮህ ጀመረ። ልጁን "እዚህ ካፌ የለም እንዴ" ስለው አንዲት እናት ሰምተውኝ ኖሯል፣ "ኧረ የኔ ልጅ፣ በ16 መጥተህ ደግሞ ካፌ ትላለህ? ግቡ እንጅ ደጀ ሰላም!"

ወሩ በገባ በ16 ኪዳነ ምሕረት መሆኗን ለንደን አስረስቶኝ ነው። ዳቦ ተቆረሰ፣ ጠላ ተቀዳ። ዘጌ በሬ ተጠምዶ አይታረስም፣ እህሉ ከውጭ ነው የሚመጣው፣ ጌሾው ግን የራሳቸው ነው፣ ጠላው ያስታውቃል። እንደ ልማዴ እጄን ኪሴ ስከት እኒያው እናት ተቆጡኝ፣ "እመቤቴን ልትከፍላት ነው?" አሉኝ፣ አፈርኩ።

እና ልቤ ሞልቶ፣ ይኸው የኛ ከኮል በፊት ነበር፣ ማዕረግ የለበት ክፍያ የለበት እያልኩ በሆዴ ስፎክር አቀማመጡን አየሁት። ቄሶቹ ከላይ፣ ደብተራዎቹ ቀጥሎ፣ ምእመኑ ከዚያ፣ የኔ ቢጤዎቹ በሩ ጋ፣ ዳቦው ሲደርሳቸውም መጨረሻ ላይ። እኔ የት ልሁን ብዬ ስገተር አንዱ ዲያቆን ከምእመኑ ጫፍ ድንጋይ አሳየኝ። ሁለተኛ ማዕረግ መሆኗ ነው፣ ተቀመጥኩባት።