«ታዲያ አለቃችሁ ማነው?»

ሐዋሳ በገባሁ በሦስተኛው ቀን አጎቴ እድር ይዞኝ ሄደ። ድንኳኑና ድስቱ ከተቆለለበት መጋዘን በር ላይ ገንዘብ ያዡ መዝገብ ከፍቶ ስም ይጠራል፤ የቀረ ይቀጣል። ሊቀመንበሩ እኔ አሜሪካ ስሄድ የነበሩት ናቸው። 19 ዓመት! ይውረዱ የሚል የለም፤ እሳቸውም «ተተኪ ጠፋ» ይላሉ።

እኔም እዚያ ማኅበር አለኝ። ሚኒሶታ ውስጥ ማክሰኞ ማክሰኞ ማታ አንድ ቤተ ክርስቲያን ምድር ቤት እንሰበሰባለን። በ1935 አክሮን ከተማ፣ አንድ የአክሲዮን ደላላና አንድ ሐኪም፣ ሁለቱም ጠጪዎች፣ የጀመሩት አልኮሆሊክስ አኖኒመስ ነው፤ «ስማቸው የማይገለጥ ጠጪዎች» እንደማለት፣ መጠጥ ለማቆም የምንረዳዳበት። (ስሜን እዚህ ያልጻፍኩት ለዚሁ ነው። አደባባይ ላይ ማንነታችንን አንገልጥም።) ለመግባት የሚጠየቀው መጠጥ ለማቆም መፈለግ ብቻ ነው፤ መዋጮ እንኳ ግዴታ አይደለም።

ማታ አጎቴ «ታዲያ አለቃችሁ ማነው?» አለኝ።

ወረቀት አወጣሁ። ከላይ ቡድኖቹን ጻፍኩ። ቡድኑ ተወካይ ይመርጣል፤ ተወካዮቹ በወረዳ ይገናኛሉ፤ ወረዳዎቹ ተሰባስበው አንድ አካባቢ ይሆናሉ፤ አካባቢው ለሁለት ዓመት ብቻ የሚያገለግል መልእክተኛ ወደ ዓመታዊው ጉባኤ ይልካል። ከታች የባለአደራዎች ቦርድ፤ 21 ሰዎች ናቸው፣ ሰባቱ ከድሮም የመጠጥ ችግር የሌለባቸው። አጎቴ ወረቀቱን ገለበጠው፣ ቦርዱ ላይ እንዲሆን። መልሼ ገለበጥኩት።

«ኧረ በል!»

«እውነቴን ነው ጋሼ። ቦርዱ ቡድኔን ማዘዝ አይችልም። እኔ ራሴ ስድስት ወር ቡና አፍልቼ፣ ወንበር ዘርግቼ፣ ተራዬ ሲያልቅ ለሌላው አስረከብኩ።»

«ባለሀብት ልርዳ ቢልስ?»

«አመስግነው ይመልሱታል። ወጪያቸውን ራሳቸው ነው የሚሸፍኑት።»

ይሄ ከአለቃ ማጣት የባሰ ገረመው። የእድራቸውን ድንኳን የገዛላቸው አንድ ነጋዴ ነው፤ ስሙ በትልቁ ተጽፎበታል፤ ለቀስተኛ ሁሉ ከሟቹ ስም በፊት የእሱን ያነባል።

እድርን ላሳንስ አይደለም። እዚያ ሁለት ማክሰኞ ብቀር፣ ስፖንሰሬ (ቀድሞኝ መጠጥ ያቆመና የሚደግፈኝ አባል) ካልደወለልኝ የሚፈልገኝ የለም፤ እዚህ ያልመጣ ሰው ቤቱ ድረስ ይጠየቃል። ችግሩም እሱው ነው። እዚህ ሐዋሳ፣ አቶቴ ሰፈር አንድ አዳራሽ ይዘን ብንጀምር፣ ባጃጅ ነጂው የት እንዳወረደን ገና ሳንገባ ለእናቶቻችን ያደርስላቸዋል።

ስቄ ነበር ያልኩት፤ አጎቴ አልሳቀም። አምና ለጎረቤታቸው ልጅ ድንኳኑን ተክለዋል። 34 ዓመቱ ነበር፤ ጉበቱ ነው። ሦስት ቀን ሙሉ ወንዶቹ በየተራ አድረዋል፣ ሴቶቹ ወጥ ሠርተዋል። ከዚያ በፊት፣ ልጁ አረቄ ቤት ደጃፍ ወድቆ ሲያድር፣ በእድሩ ደንብ ማን ምን እንደሚያደርግ የተጻፈ አልነበረም።

አጎቴ ወረቀቱን አራት አጥፎ ኮቱ ኪስ ከተተው። በሩን ዞር ብሎ አየና ድምፁን ዝቅ አደረገ።

«ስም አይመዘገብም አልከኝ፣ አይደል?»