ምሰሶ ያማከረ አያፍርም

የአዲስ አበባ ሰው ትዕግስት የለውም የሚል ሁሉ ይፈር። የፊንጢጣ ኪንታሮቱን ለዓመታት በዝምታ ያስታመመ ጎልማሳ ፒያሳ ላይ ሐውልት ይገባዋል። አስተናጋጇ «ጋሼ፣ ወንበር ላምጣ?» ስትለው፣ ማኪያቶውን እንደያዘ፣ «ተዪው የኔ ልጅ፣ ስቀመጥ ነው የዋልኩት» ሲል ይቀረጽልን።

ጨዋነቱ ደግሞ! ሐኪም ፊት ሱሪ ዝቅ ማድረግ ነውር ነውና የደቂቃዎች ምርመራ አይሞክርም። ለሐኪም የነፈገውን ግን ስልክ ቁጥሩን መብራት ምሰሶ ላይ ላገኘው ባለመድኃኒት በደስታ ይገልጣል። ወረቀቱ ኪንታሮትን፣ አስምን፣ ጨጓራንና ስንፈተ ወሲብን በአንድ ትንፋሽ «ያለ ቀዶ ጥገና» ይፈውሳል። ቃሉንም ያከብራል፦ አይቀድም፣ ያቃጥላል። የተቀባው ነገር ሥጋውን በልቶ ጠባሳ ከተወ መውጫው ይጠባል፤ ጡንቻው ድረስ ከዘለቀ ሰገራ መቆጣጠር ያቅታል። ያኔ የሚጠብቀው ቀዶ ጥገና የሸሸውን ያስመኘዋል።

የሸሸውም ቢሆን ገና ያልተቃጣበትን ቢላ ነው። የውስጥ ኪንታሮት አራት ደረጃ አለው። አንደኛው ይደማል እንጂ አይወጣም፤ ሁለተኛው ሲያምጡ ወጥቶ ራሱ ይመለሳል፤ ሦስተኛው በጣት ካልገፉት አይገባም፤ አራተኛው ቢገፉትም እምቢ ይላል። ለመጀመሪያዎቹ በቀን ከ25 እስከ 30 ግራም ፋይበር (ተልባ፣ ምስር፣ ጎመን)፣ በቂ ውሃና ሽንት ቤት ከ5 ደቂቃ በላይ አለመቆየት አብዛኛውን ጊዜ ይበቃል። ስልኩን ይዞ ገብቶ ቲክቶክን ዳር እስከ ዳር አዳርሶ የሚወጣው ግን የኪንታሮቱ ባለውለታ ነው።

ይህ ካልበቃ፣ እስከ ሦስተኛው ደረጃ ድረስ ሥሩ በትንሽ ጎማ ይታሰራል፤ ደም የተቋረጠበት ሥጋ ደርቆ በሳምንት ገደማ ይወድቃል። እዚያ ላይ የሕመም ነርቭ ስለሌለ ማደንዘዣ አይጠይቅም። ጎማው ወደ ታች ወርዶ ከታሰረ ግን ታካሚው ራሱ ጮሆ ያሳውቃል፣ ይፈታለታል። የቢላው ተራ የሚደርሰው ለአራተኛው፣ ጎማ ላልመለሰው ሦስተኛ፣ ወይም ከውስጥም ከውጭም ተያይዞ ላበጠው ነው። እሱም ቀልድ አይደለም፤ ሕመሙ ከ2 እስከ 4 ሳምንት ሊቆይ፣ መጀመሪያ ላይ ሽንት እምቢ ሊል፣ ሳምንት አልፎት ሁሉ ሊደማ ይችላል።

ጀግናችን ሰገራው ላይ ደም ሲያይ «ያው ኪንታሮቴ ነው» ብሎ ራሱ ይፈርማል። የአንጀት ካንሰርም ይደማል፤ በተለይ ዕድሜው ከ45 ያለፈ፣ ያለ ምክንያት የከሳ ወይም የሰገራ ልማዱ የተለወጠበት ሰው አንጀቱ በኮሎኖስኮፒ (በፊንጢጣ በሚገባ ባለካሜራ ቀጭን ቱቦ) መታየት አለበት። የሱ ምርመራ ግን በስልኩ መብራት ተጠናቋል።

ሰዓት አጠባበቁም ይደነቃል። ውጭ ያለው ኪንታሮት ውስጥ ደም ረግቶ ድንገት ጠጠር ያለ፣ ሰማያዊ እብጠት ሲያወጣና ሲያስጮኸው፣ በ72 ሰዓት ውስጥ ቢቀርብ ሐኪሙ በማደንዘዣ ቆርጦ ያወጣለት ነበር። እሱ በአምስተኛው ቀን፣ ሕመሙ በራሱ መብረድ ሲጀምር ይመጣል። አሁን መቁረጥ ጥቅሙ ስለማያመዝን «ለብ ያለ ውሃ ሳፋ ውስጥ ከ10 እስከ 15 ደቂቃ፣ በቀን ሁለት ሦስቴ ይቀመጡ» ተብሎ ይሸኛል። ታክሲ ውስጥ በአንድ ጎኑ ተደግፎ ለባልንጀራው ይደውላል፦ «አላልኩህም? ካርድ አውጥቼ፣ ተሰልፌ፣ ውሃ አዘዘልኝ!»