ሐሙስ ማታ የት ነበርን?

አንድን ሽማግሌ በአደባባይ ሌባ ብለን ሰደብን። ስማቸውን አልጠራም። ከሜክሲኮ አደባባይ ወደ ሰንጋ ተራ ሲሄዱ ባለው አዳራሽ ያን እሁድ የነበራችሁ ሁሉ ግን ስለማን እንደማወራ ታውቃላችሁ። ያልነበራችሁም ስሙኝ፣ ነገሩ እናንተንም ይነካል።

የቁጠባና ብድር ማኅበራችን አመራር ሊመርጥ ዘጠኝ ዕጩ ቀረበ። አንድ አባል አንድ ዕጩ ይመርጣል፣ ብዙ ድምፅ ያገኙት አምስቱ ይገባሉ። አባሉ ስለበዛ ዘንድሮ ቆጠራው በኪራይ ማሽን ይሁን ተባለ፤ ተማሪ መልስ የሚያጠቁርበትን ወረቀት የሚያነበው ዓይነት። የአስመራጭ ኮሚቴው ሰብሳቢ፣ ሁላችንም ጋሼ የምንላቸው ጡረታ የወጡ የሒሳብ ሠራተኛ፣ "ከምርጫው በፊት ማሽኑን በናሙና ወረቀት እንፈትነው፤ መጥታችሁ በዓይናችሁ እዩ" አሉን። ማስታወቂያውን በእጃቸው ጽፈው በሩ ላይ ለጠፉት፤ በቴሌግራምም ደረሰን።

ቅዳሜ ጠዋት 3 ሰዓት ላይ አራት ሰው መጣ። እኔ አልነበርኩም፤ የነበረች ጓደኛዬ ናት የነገረችኝ። ጋሼ 45 ወረቀት ቤታቸው ቁጭ ብለው አጥቁረው መጥተዋል። ለመጀመሪያው ዕጩ አንድ፣ ለሁለተኛው ሁለት፣ ለሦስተኛው ሦስት፣ እንዲህ እያሉ እስከ ዘጠነኛው። "ለሁሉም አምስት አምስት ብሰጥ ማሽኑ የአንዱን ለሌላው ቢሰጥ በምን እናውቃለን?" ብለው አስረዷቸው። ሁለት ስም የተጠቆረበትና ጭራሽ ያልተነካ ወረቀትም ጨምረዋል፤ ማሽኑ እነዚህን ለይቶ ማውጣት ነበረበት፣ አወጣም። ዜሮ ላይ ጀመረ፣ ቁጥሩ ልክ መጣ፣ አራቱም ፈረሙ።

ሰኞ ሦስተኛው ዕጩ ራሱን አገለለ። ወረቀቱ እንደገና ታተመ፤ ከአራተኛው ጀምሮ ያሉት ሁሉ አንድ አንድ ረድፍ ወደ ላይ ከፍ አሉ። ጋሼም ሐሙስ ከሥራ መውጫ፣ 11 ሰዓት ላይ፣ ፈተናው እንዲደገም ጠሩን። በደንቡ ቢያንስ ሦስት አባላት ቆመው አይተው መፈረም አለባቸው። እስከ ምሽቱ 1 ሰዓት ጠበቁ። አንድ ሰው አልመጣም። ባለማሽኑ ሌላ ሥራ አለብኝ ብሎ ዕቃውን ሰብስቦ ሄደ።

እኔ ያን ሰዓት እዚያው ሕንፃ ሥር ካፌ ውስጥ ነበርኩ። ከሁለት አባላት ጋር ማኪያቶ ይዘን ስለ ምርጫው እያወራን ነበር። የአዳራሹ መብራት መብራቱን በመስኮት አይቻለሁ። ደረጃው ሃያ ቢሆን ነው።

ዓርብ ጋሼ "ማሽኑ በአዲሱ ወረቀት አልተፈተነም፤ በአንድ ሳምንት እናራዝመው" ብለው ጻፉልን። የመለስንላቸውን አስታውሱ። "ለምን ይራዘማል? ምን ልትሠሩበት ነው?" "ጨዋታው ገባን!" እኔ ቃል አልጻፍኩም። ከሥሩ አውራ ጣት አስቀመጥኩ።

እሁድ ውጤቱ ተነበበ። ራሱን ያገለለው ሰውዬ 131 ድምፅ። በዝርዝሩ መጨረሻ ያለችው ዕጩ ዜሮ። ራሷን የመረጠች ሴት፣ ባሏና እህቷ አጠገቧ ተቀምጠው፣ ዜሮ! ማሽኑ የድሮውን ቅጽ እንደያዘ ቀርቶ ነበር፤ ከአራተኛው ዕጩ ጀምሮ የእያንዳንዱን ድምፅ ለቀዳሚው ሰው ሰጠ። ይህን ለማወቅ አንድ ደቂቃ ማሰብ ይበቃ ነበር። ማን ያስባል? "ሌባ!" "ኮሮጆ ገልባጭ!" ጋሼ እጃቸውን አንስተው "ወረቀቱ አለ፣ ወረቀቱን እንቁጠር" ይላሉ፤ የሚሰማቸው የለም። አንዱ ኮታቸውን ጨምድዶ ሲጎትት መነጽራቸው ወደቀ፣ አንዱ መስታወት ተሰነጠቀ። በዚያ ዕድሜያቸው ተንበርክከው ወለሉን ሲዳብሱ እኔ ምን አደረግኩ? ስልኬን አውጥቼ ቀረጽኩ። ግሩፑ ላይም ለቀቅኩት።

ከቀኑ 9 ሰዓት እስከ ምሽቱ 3 ሰዓት በእጅ ተቆጠረ። አንዲት ወረቀት አልጎደለችም፣ የእያንዳንዱ ዕጩ ድምፅ ቦታው ተመለሰ። ያን ጊዜ አዳራሹ ውስጥ ከሃያ ሰው በላይ አልነበረም። የጮኸው ሁሉ ቤቱ ገብቷል። ቪዲዮው ግን ስንት ቦታ እንደዞረ እንጃ። ይቅርታ ያለ ሰው አላየሁም።

ወገኖቼ፣ ይህን ይቅር ማለት አቅቶኛል፤ ለእናንተም፣ ለራሴም። ኑ እዩ ስንባል ሥራ አለብን፣ ሌባ ለማለት ግን ሁላችንም ጊዜ አለን። አንድን ሰው ብቻውን በር ላይ አስቀምጠን እንሄዳለን፣ ስንመለስ ብቻህን ምን ስትሠራ ነበር ብለን እናንቀዋለን።

በሌላውም አገር ደርሷል። በፈረንጆቹ 2020 በአሜሪካ ሚሺጋን ግዛት፣ አንትሪም በምትባል ካውንቲ፣ የድምፅ መስጫው ወረቀት ዘግይቶ ሲስተካከል ሁሉም ማሽን አብሮ አልተስተካከለም፤ የመጀመሪያው ውጤት አሸናፊውን ገልብጦ አወጣው። ስህተቱ ቶሎ ታረመ፣ በኋላም ወረቀቱ በእጅ ተቆጥሮ ተረጋገጠ፤ የማጭበርበር ወሬው ግን አገር አዳረሰ። ሕንዶች በምርጫው ዕለት ማለዳ የዕጩ ወኪሎች ባሉበት ቢያንስ 50 የሙከራ ድምፅ ሰጥተው፣ ቆጥረው፣ አጥፍተው ነው ማሽኑን የሚያሽጉት።

የእኛ አገር ጠቅላላ ምርጫ በወረቀት ነው። ቢሆንም ኮሮጆው ከመታሸጉ በፊት ባዶነቱ ለተገኘ ሰው ይታያል፤ ከቆጠራ በኋላም ውጤቱ ምርጫ ጣቢያው ላይ ይለጠፋል። ሰኔ 14 ቀን 2013 ወረፋ ይዤ መርጬ ጣቴን ቀለም አስነክቼ ቤቴ ገባሁ። የተለጠፈውን ለማንበብ አልተመለስኩም። ከእናንተስ ስንቱ ተመለሰ?

ባለፈው ሳምንት ጋሼ ቤት ሄድኩ። ቪዲዮውን የለቀቅኩት እኔ ነኝ አልኳቸው። ዝም አሉ። ባለቤታቸው ቡና አቀረቡ። ሁለተኛው ስኒ ላይ ቀና ብለው፣ በዚያው በተሰነጠቀው መነጽር እያዩኝ፣ "ሐሙስ ማታ የት ነበርሽ ልጄ?" አሉኝ። ታች ካፌ ውስጥ ነበርኩ አልኳቸው። ሌላ አልጠየቁኝም።

የቁጥጥር ኮሚቴ ምርጫ ይቀረናል፤ በዚሁ ማሽን። ትናንት ቅዳሜ ፈተናው ነበር። ጋሼ ማስታወቂያውን እንደገና በእጃቸው ጽፈው ለጥፈውታል፤ ሰው ይመጣል ብለው ይሁን ልማድ ሆኖባቸው አላውቅም። በሩ ላይ ቆሜ ቆጠርኩ። ሰባት ሰው መጣን። ኮታቸውን የጎተተው ልጅ አንዱ ነው፤ ወረቀቱን ወደ ማሽኑ የከተተውም እሱ ነው።