ማስተካከያ፦ በቸኮሌት ፋብሪካው ትዕይንት የሚሰማው ሳቅ የእውነተኛ ተመልካች ነው

ስለ ድሮ ሲትኮሞች (አስቂኝ የቴሌቪዥን ተከታታዮች) ወሬ ሲነሳ፣ ስለ አሜሪካዊው «አይ ላቭ ሉሲ» የቸኮሌት ፋብሪካ ክፍል ሁለት ነገር ተደጋግሞ ይነገራል። አንዱ፣ ሳቁ ኋላ ላይ ከቴፕ የተጨመረ ነው ይላል። ሌላው፣ በቀጥታ ሥርጭት የተላለፈ ነው ይላል። ሁለቱም ልክ አይደሉም።

ክፍሉ በአሜሪካው የቴሌቪዥን ጣቢያ በሲቢኤስ የታየው ሴፕቴምበር 15 ቀን 1952 ነው። ቀደም ብሎ ሆሊውድ ውስጥ በ35 ሚሊ ሜትር ፊልም፣ በሦስት ካሜራ ተቀርጿል። ስቱዲዮው ውስጥ ተመልካች ተቀምጦ ነበር። የሚስቀው እሱ ነው። በፊልም ስለተቀረጸም ዛሬ ድረስ ጥርት ብሎ ይታያል።

ትዕይንቱን ደግማችሁ እዩት። ሉሲና ጓደኛዋ በማጓጓዣ የሚመጣ ቸኮሌት ይጠቀልላሉ። አለቃቸው አንድ ቸኮሌት ሳይጠቀለል ካለፈ ትባረራላችሁ ብላለች። ማጓጓዣው መጀመሪያ ቀስ ይላል፣ ከዚያ ይፈጥናል። ሉሲ ግራ ሲገባት አፏ ውስጥ ትጎሰጉሳለች፣ ቆቧ ውስጥ፣ ደረቷ ውስጥ ትወሽቃለች። ጉንጯ በተወጠረ ቁጥር ሳቁ ይጨምራል። ይህ ሉሲን ሆና የተወነችው የሉሲል ቦል ችሎታ ነው። ያሳቀው ማሽን ነው ማለት ልፋቷን መቀማት ነው።

ደግሞ የሴቶቹ ጉድ ብቻ ተደርጎ መወራቱም ይታረም። ሚስቶችና ባሎች ሥራ የተቀያየሩት የማን ሥራ ይከብዳል ተባብለው ነው። ቤት የቀሩት ባሎች የጣዱት ሩዝ ከድስቱ ገንፍሎ ወጥ ቤቱን አበላሽቶታል። በመጨረሻ እነሱም ተሸንፈው ሚስቶቻቸውን ለማባበል ስጦታ ይዘው መጡ። ስጦታው ቸኮሌት ነበር።