ናፍጣ ይሻላል ወይስ ቤንዚን? መልሱ ማደያው ላይ አይደለም

መኪና ሊገዛ የተነሳ ሰው ምክር አያጣም። ዘመዱም፣ ጎረቤቱም፣ ደላላውም የሚሉት አላቸው። ከሁሉም አንዷ ምክር ግን አትቀርም፦ «ናፍጣ ከሆነ ዓይንህን ጨፍነህ ግዛ። ቤንዚን ኪስ ያራቁታል።»

ይህች ምክር በደጉ ጊዜ ትሠራ ነበር። ዛሬ ዓይኑን ጨፍኖ የሚገዛ ሰው ዓይኑን የሚገልጠው ጋራዥ ውስጥ ነው።

እስቲ ከዋጋው እንጀምር። በታኅሣሥ 2014 ዓ.ም. አዲስ አበባ ውስጥ አንድ ሊትር ቤንዚን 31 ብር ከ74 ሳንቲም፣ ናፍጣ ደግሞ 28 ብር ከ94 ሳንቲም ነበር። ናፍጣ በሊትር ሦስት ብር ገደማ ይቀንስ ነበር ማለት ነው። በዚያን ጊዜ ዋጋ ሦስት ብር ቀላል አይደለም። ከዚያ መንግሥት ድጎማውን ደረጃ በደረጃ ማንሳት ጀመረ። በሰኔ መጨረሻ 2014 ቤንዚን 47 ብር ከ83 ሲሆን ናፍጣ 49 ብር ከ02 ገባ። ናፍጣ በለጠ! በመስከረም መጨረሻ 2017 ቤንዚን 91 ብር ከ14፣ ናፍጣ 90 ብር ከ28 ሆኑ። በዚያው ዓመት በገና ማግሥት ደግሞ 101 ብር ከ47 እና 98 ብር ከ98። ከዚያ ወዲህም ዋጋው ባለበት አልቆመም። ዋናው ነገር ግን የድሮው ሰፊ ልዩነት መጥበቡ ነው። አንዴ ይህ፣ አንዴ ያ ይቀድማል። «ናፍጣ ርካሽ ነው» የሚባለው ነገር ማደያው ላይ አብቅቷል።

ታዲያ ናፍጣ ቁጠባው ምኑ ላይ ነው? ሞተሩ ላይ። አንድ ሊትር ናፍጣ ከአንድ ሊትር ቤንዚን ከአስር በመቶ በላይ የበለጠ ጉልበት ይይዛል። የናፍጣ ሞተር አየሩን በጣም አምቆ፣ በራሱ ሙቀት ነዳጁን ስለሚያቃጥል ከያንዳንዱ ጠብታ ብዙ ሥራ ያወጣል። በተለይ ቀስ ብሎ ሲሄድና ቆሞ ሲሠራ የሚጠጣው ትንሽ ነው። ስለዚህ የመገናኛ መጨናነቅ ውስጥ እንኳ ናፍጣ ይቆጥባል። ይህን መካድ አይቻልም።

አሁን ቁጥር እናስገባ። ሁለት አንድ ዓይነት ፒክአፖች እንውሰድ። የቤንዚኑ በሊትር 8 ኪሎ ሜትር፣ የናፍጣው 11 ኪሎ ሜትር ይሂዱ። ይህ ለእንደነዚህ ዓይነት መኪኖች የተጋነነ አይደለም። ዋጋው የ2017ቱ የገና ሰሞን ይሁን። በዓመት 20,000 ኪሎ ሜትር የሚነዳ ሰው በቤንዚኑ 2,500 ሊትር ይቀዳል፤ 253 ሺህ ብር ከምናምን ነው። በናፍጣው 1,818 ሊትር ይበቃዋል፤ 180 ሺህ ብር ገደማ። ልዩነቱ ከ73 ሺህ ብር በላይ ነው። ከዚህ ውስጥ የሊትር ዋጋው ያመጣው 4,500 ብር ቢሆን ነው። የቀረው ሁሉ የሞተሩ ቁጠባ ነው።

ጥሩ ገንዘብ ነው። ግን ከተማ ውስጥ ከቤት ወደ ሥራ፣ ከሥራ ወደ ልጆች ትምህርት ቤት የሚል ሰው 20,000 ኪሎ ሜትር አይነዳም። ሰባት ሺህ ይበለው። ያን ጊዜ ልዩነቱ ወደ 26 ሺህ ብር ይወርዳል። ይቺ 26 ሺህ ብር የናፍጣውን የመግዣ ዋጋ ጭማሪ፣ የዘይቱን፣ የፊልትሮውን፣ የትልቁን ባትሪና የኖዝሉን (ነዳጁን ወደ ሞተሩ የሚረጨውን ዕቃ) ወጪ ሁሉ እንድትሸፍን ይጠበቅባታል። አትችልም።

አንድ ሌላ ነገር አለ፤ ሰው ብዙ ጊዜ የማያስበው። እኛ አገር ትንሽ የናፍጣ አውቶሞቢል እንደ ልብ አይገኝም። ስለዚህ የከተማ ሰው ምርጫ በአብዛኛው በናፍጣ ፒክአፕና በቤንዚን ቪትዝ መካከል ነው። ቪትዟ በሊትር 15 ኪሎ ሜትር ብትሄድ፣ ሰባት ሺህ ኪሎ ሜትሩን በ47 ሺህ ብር ትጨርሰዋለች። የናፍጣው ፒክአፕ ያንኑ መንገድ በ63 ሺህ ብር ይሄዳል። «ቆጣቢ» የተባለው ናፍጣ በትንሿ ቤንዚን ተበለጠ። ጎማው፣ ዘይቱና መለዋወጫው ገና አልተቆጠረም።

ዘይቱን ካነሳን አይቀር፤ ቪትዝ በአንድ ሰርቪስ 3 ሊትር አካባቢ ትወስዳለች። ዲ-ፎር-ዲ የሚባለው የናፍጣ ሞተር ያለው ሃይሉክስ ፒክአፕ ወደ 7 ሊትር ይጠጋል። የላንድክሩዘሩ 1ኤችዜድ ሞተር ከ9 ሊትር ያልፋል። ናፍጣ ዘይቱን በጥቀርሻ ቶሎ ያጠቁረዋል፤ ስለዚህ ሰርቪሱን ማዘግየት አያዋጣም። ሐምሌ 22 ቀን 2016 ብር በገበያ እንዲወሰን ከተደረገ በኋላ ዶላር ከ57 ብር አካባቢ ተነስቶ መቶን ሲያልፍ፣ ዘይትም መለዋወጫም አብሮ ወጥቷል። ሦስት ሊትር የሚገዛና ዘጠኝ ሊትር የሚገዛ ሰው ጭማሪው እኩል አይሰማቸውም።

ወደ ዋናው ጉዳይ ልግባ። ሰው «ናፍጣ» ሲል ሁለት የማይገናኙ ሞተሮችን አንድ ላይ ይጠራል። አንደኛው የድሮው ነው። 5ኤል፣ 1ኤችዜድ የሚባሉት። ቱርቦ (አየር አምቆ ወደ ሞተሩ የሚያስገባ መሣሪያ) የላቸውም፣ ኮምፒውተር የላቸውም። ፓምፑ ነዳጁን በሜካኒክ ይገፋል። ቢበላሹ ደሴም፣ ጅማም፣ ነጆም የሚሠራቸው መካኒክ አይጠፋም። ዕቃቸው ሶማሌ ተራ ተፈልጎ ይገኛል። ፋሻ (የፒስተኑ ቀለበት) ተቀይሮ፣ ቴስታታ (የሞተሩ የላይኛው ክፍል) ተልጎ፣ ሞተሩ ታድሶ እንደገና ይነሳል። የታክሲ ሚኒባሶች ቀኑን ሙሉ እየሠሩ ለዓመታት የቆዩት በዚህ ዓይነት ሞተር ነው። «ናፍጣ አይሞትም» የሚለው ወሬ የመጣውም ከነዚህ ነው።

ሁለተኛው አዲሱ ነው፤ ኮመን ሬል የሚባለው። ነዳጁ ከ1,000 ባር በላይ በሆነ ግፊት ተጨምቆ፣ እጅግ በቀጠነ ቀዳዳ ይረጫል። ጉልበቱ ደስ ይላል፣ ጭሱ ያነሰ ነው፣ ቁጠባውም ከድሮው ይሻላል። ነገር ግን ይህ ሁሉ የሚሠራው ነዳጁ ንጹሕ ከሆነ ነው። ትንሽ ውሃ፣ ትንሽ አቧራ ከገባ ኖዝሉን ይበላዋል። የእኛ ናፍጣ ደግሞ ረጅም መንገድ በቦቴ ተጉዞ፣ ከታንከር ወደ ታንከር ተገልብጦ፣ አንዳንዴም በበርሜልና በጀሪካን አልፎ የሚመጣ ነው።

የኖዝል ምርመራ አይታችሁ ታውቃላችሁ? መካኒኩ ከያንዳንዱ ኖዝል መመለሻ ላይ ቀጭን ቱቦ ይሰካል። የቱቦዎቹን ጫፍ ደርድሮ በሰቀላቸው አራት ትናንሽ ጠርሙሶች ውስጥ ይከታል። ሞተሩ ይነሳል። ሁሉም ዝም ብሎ ጠርሙሶቹን ያያል። ሦስቱ እኩል እኩል ጠብ ጠብ ሲሉ አራተኛው ቶሎ ከሞላ፣ ያ ኖዝል ግፊቱን መያዝ አቅቶት ነዳጁን ወደ ኋላ እየለቀቀ ነው። ባለመኪናው ያን ጊዜ የሚጠይቀው ጥያቄ አንድ ነው፦ «አንዱን ብቻ ብንቀይረውስ?» መካኒኩም ብዙ ጊዜ «ሌሎቹም ይከተላሉ» ይላል። ውሸት አይደለም፤ ያንኑ ነዳጅ አብረው ነው የጠጡት።

ስለዚህ የናፍጣ መኪና ለመግዛት ያሰበ ሰው አንድ ሥራ ይሥራ። ለሚገዛው ሞዴል የአራት ኖዝል፣ የፓምፕና የቱርቦ ዋጋ ከሱቅ ይጠይቅ። ያንን በዓመት በነዳጅ ለሚያተርፈው ገንዘብ ያካፍለው። በዓመት 73 ሺህ የሚያተርፈው ሰው ቶሎ ይወጣዋል። 26 ሺህ የሚያተርፈው ግን ዓመታት ይቆጥራል፤ በመሃል ሌላ ነገር ካልተሰበረ ነው ታዲያ።

ከአውሮፓ የሚመጡት አዳዲሶቹ ደግሞ ዲፒኤፍ የሚባል የጥቀርሻ ማጣሪያ አላቸው። ማጣሪያው የያዘውን ጥቀርሻ አቃጥሎ ራሱን ለማጽዳት ወደ 600 ዲግሪ ሙቀት ይፈልጋል። ያ ሙቀት የሚገኘው ረጅም መንገድ ሳያቋርጡ ሲነዱ ነው። ከሳሪስ ሜክሲኮ እየተመላለሱ አይገኝም። ማጣሪያው ይደፈናል፣ መብራቱ ይበራል፣ መኪናው ጉልበት ያጣል። የተሠራውም እንደ አውሮፓው ድኝ የሌለው ያህል ለሆነ ናፍጣ ነው፤ እዚያ የሚፈቀደው በሚሊዮን 10 ክፍል ብቻ ነው።

ከፍታችንም ድርሻ አለው። አዲስ አበባ ከ2,300 ሜትር በላይ ናት። አየሩ ከባሕር ጠረፉ በአንድ አምስተኛ ያህል የሳሳ ነው። ኮምፒውተር ያለው የቤንዚን መኪና ጉልበት ቢያጣም ነዳጁን በአየሩ ልክ ይቀንሳል። ቱርቦ የሌለው የድሮ ናፍጣ ግን ፓምፑ ካልተስተካከለለት ለባሕር ጠረፍ የተለካውን ነዳጅ ይረጫል። እንጦጦ ዳገት ላይ ከፊታችሁ የሚሄደው መኪና የሚተፋው ጥቁር ጭስ ያልተቃጠለ ነዳጅ ነው። ባለቤቱ በሊትር የከፈለበት።

ቤንዚንስ ንጹሕ ነው ወይ? አይደለም። ከአዲስ አበባ ወጣ ሲባል ቤንዚን ማደያ ላይ ጠፍቶ መንገድ ዳር በሃይላንድ ጠርሙስ መሸጡን የማያውቅ የለም። ዋጋው ከማደያው ጋር አይገናኝም፣ ምን እንደተቀላቀለበትም አይታወቅም። ክፍለ ሀገር የሚኖር ሰው ከላይ ያስቀመጥኩትን ሒሳብ በማደያ ዋጋ ሳይሆን እሱ በትክክል በሚገዛበት ዋጋ ይሥራው። ናፍጣም ይጠፋል፤ ከጭነት መኪና ጋር ተሰልፎ ያደረ ያውቀዋል። የቤንዚን መኪና ጥቅሙ ሲበላሽ ነው። ካንዴላ፣ ኮይል፣ የነዳጅ ፓምፕ፤ አብዛኛው ጥገናው የሰውን ወገብ አይሰብርም።

ጀርመን ያሉ ወገኖቻችን ይህን ስሌት ከኛ ቀድመው ለምደውታል። እዚያ መንግሥት በናፍጣ ሊትር ላይ የሚጥለው የኃይል ግብር ከቤንዚን 18 የዩሮ ሳንቲም ገደማ ያንሳል። በምትኩ ዓመታዊ የመኪና ግብሩን ያከብደዋል፤ ለየ100 ሲሲው በናፍጣ 9 ዩሮ ከ50፣ በቤንዚን 2 ዩሮ። ትንሽ የሚነዳ ሰው በማደያ ያተረፈውን በግብር ይመልሳል፤ ብዙ የሚነዳው ያተርፋል። እኛ ዘንድ ይህን ሥራ የሚሠራው ጋራዡ ነው።

«መንግሥት እኮ ኤሌክትሪክ ብቻ ነው የሚያስገባው፣ ይህ ክርክር አርጅቷል» የሚል አይጠፋም። እንዲያውም ከጥር 2016 ወዲህ ነው ክርክሩ የጠነከረው። የነዳጅ አውቶሞቢል ወደ አገር እንዳይገባ ከተባለ፣ ያለው መኪና ነው ከእጅ ወደ እጅ የሚዞረው። ከዚያ በፊትም የ2012ቱ የኤክሳይስ ታክስ አዋጅ በአሮጌ መኪና ላይ እስከ 500 በመቶ ጥሎ ነበር። እንግዲህ ዛሬ የሚገዛው መኪና ሌላ አሥር ዓመት እንዲሠራ ይጠበቃል። ለአሥር ዓመት የሚሆን መኪና ሲመረጥ ደግሞ በሊትር ስንት ይሄዳል ከሚለው በፊት ማን ይሠራዋል፣ ዕቃው ከየት ይመጣል የሚለው ይቀድማል።

የኔ አቋም ይህ ነው። ከተማ ውስጥ ብቻ የሚነዳ ሰው ትንሽ ቤንዚን ይያዝ። በየሳምንቱ አገር አቋራጭ የሚወጣ፣ ጭነት ያለው፣ ኮረኮንች የሚገባ ሰው ናፍጣ ይያዝ፤ ከተገኘም የድሮውን ቀላል ሞተር። ታሪኩ የማይታወቅ ያገለገለ የኮመን ሬል መኪና ግን ማንም እንዲገዛ አልመክርም። ሰርቪሱ በወረቀት የተያዘ ከሆነ ሌላ ነገር ነው። ከገዙ በኋላም የናፍጣ ፊልትሮው ሥር ያለችውን የውሃ ማውጫ በየጊዜው መክፈትና የተጠራቀመውን ውሃ ማፍሰስ ያስፈልጋል። በነጻ የሚሠራ ሥራ ነው፤ የሚሠራው ሰው ግን ጥቂት ነው።

ለማየት ስትሄዱ በጠዋት ሂዱ። ሞተሩ በርዶ እያለ እናንተው ቁልፉን አዙሩት። ኖዝሉ የደከመ ናፍጣ ሲሞቅ ደህና ይመስላል፤ ሲበርድ ግን ለመነሳት ይለፋል፣ ይንገጫገጫል፣ ነጭ ጭስ ይተፋል። ገና ከመድረሳችሁ በፊት ሻጩ «ትንሽ ላሙቀው ብዬ ነው» ብሎ አስነስቶ ከጠበቃችሁ፣ ኮፈኑን በእጃችሁ ነክታችሁ «ነገ በጠዋት እንመለሳለን፣ እንዳትነካው» በሉት።