ሸክም የማይከብዳቸው ደጋግ ሰዎች

የምንኖርበት ግቢ የነዋሪዎች ኮሚቴ ለአንድ ጎረቤቴ የጻፈለትን መልስ አንብቤ፣ ደግነት ማኅተም ተመትቶበት ሲመጣ ምን ያህል ልብ እንደሚነካ ተረዳሁ። ጎረቤቴ የሚንቀሳቀሰው በዊልቸር ነው። ሁላችንም በየወሩ በምናዋጣው ገንዘብ ወደሚተዳደረው የጋራ መዋኛ ለመግባት በሩ ላይ ያሉት ሦስት ደረጃዎች ስላገዱት፣ ራምፕ (ዊልቸር የሚወጣበት ተዳፋት መንገድ) እንዲሠራለት በጽሑፍ ጠየቀ። ኮሚቴውም ጥያቄውን «በከፍተኛ አዘኔታ» እንደተመለከተው ከገለጸ በኋላ፣ ራምፑ በግቢው ላይ «ከአቅም በላይ የሆነ ሸክም» ስለሚጥል የጥበቃ ሠራተኞች ተሸክመው እንዲያስገቡት መወሰኑን አበሰረው።

የሸክምን ትርጉም እንደዚህ ኮሚቴ የመረመረ ሊቅ ከየት ይገኛል? ሦስቱ ደረጃዎች አንድ ላይ 45 ሳንቲ ሜትር ከፍታ አላቸው፤ በተለመደው የ1 ለ12 ስሌት (ለእያንዳንዱ አንድ ሜትር ከፍታ አሥራ ሁለት ሜትር ርዝመት) የሚያስፈልገው ራምፕ 5 ሜትር ከ40 ሳንቲ ሜትር ይረዝማል። አንዴ ተሠርቶ ለዓመታት የሚያገለግለው ይህ ሲሚንቶ የማይቻል ሸክም ሲሆን፣ ሙሉ ሰውን ከነዊልቸሩ በየሳምንቱ እያነሱ ማግባትና ማውጣት ግን እንደ ላባ የቀለለ ሥራ ሆኖ ተገኘ።

ሥነ ሥርዓቱን ሳላደንቅ ማለፍ አይሆንልኝም። ጎረቤቴ ከአንድ ቀን በፊት ለጥበቃ ኃላፊው ያሳውቃል። ተሸካሚዎቹ አራት መሆን ሲገባቸው በፈረቃው ላይ ያሉት ሁለት ብቻ ስለሆኑ፣ ሦስተኛው አትክልተኛው፣ አራተኛው ደግሞ ዳቦ ይዞ ሲያልፍ የተጠራ ነዋሪ ነው። በቅድሚያ ፊቱን ወደ ውሃው አዙሮ ይግባ ወይስ ጀርባውን ሰጥቶ የሚለው ይመከርበታል፤ ተሸካሚው አሳቡን እንዲሰጥ አይጠየቅም ማለቴ አይደለም፣ የማይጠየቀው በዊልቸሩ ላይ የተቀመጠው ሰው ነው። ከዚያ አንደኛው ጎማውን ይጨብጣል፤ ጎማ እንደሚዞር ያኔ ይገለጥለታል። ሌላኛው የክንድ መደገፊያውን ቢይዝ፣ መደገፊያው ተነቃይ ኖሮ እጁ ላይ ይቀራል። ዳቦውን በብብቱ የያዘው ነዋሪ «ቀስ! ቀስ! ግድግዳው እንዳይላጥ!» እያለ ያስተባብራል። በመጨረሻ ሲገቡ በውሃው ዳር የተቀመጡት ያጨበጭባሉ፤ ስልኩን አውጥቶ የሚቀርጽም አይጠፋም። መውጣትም እንደ መግባት ማሳወቂያ እንደሚፈልግ ማንም አልነገረውምና፣ ባለፈው ቅዳሜ ጎረቤቴ ዋኝቶ ሲጨርስ ፈረቃው ተቀይሮ፣ አዲሶቹ ጥበቃዎች ነገሩን እስኪሰሙ አንድ ሰዓት ያህል እርጥብ ፎጣ ተከናንቦ ተቀምጧል።

ሰውን እንደ ቁም ሳጥን ማጓጓዝ ነውር ነው። አንድ ጎልማሳ ገላውን ማን እንደሚነካው፣ መቼ ገብቶ መቼ እንደሚወጣ ራሱ መወሰን እየተገባው፣ መዋጮውን በከፈለበት ስፍራ ብርድ እየመታው የሌሎችን ፈቃድ እንዲጠብቅ አድርገን፣ ይባስ ብለን አመስግኑን እንላለን። ይህ በሕግ ስሙ አድልዎ ነው።

ሕግ መቼም ምስጋና ቢስ ነው። እ.ኤ.አ. በ2006 የጸደቀው የተባበሩት መንግሥታት የአካል ጉዳተኞች መብቶች ስምምነት በአንቀጽ 2 ተመጣጣኝ ማመቻቸትን፣ ማለትም አካል ጉዳተኛው ከሌሎች እኩል እንዲጠቀም የሚያስፈልገውንና ከመጠን ያለፈ ሸክም የማይጥለውን ማስተካከያ፣ መንፈግ ራሱ አድልዎ መሆኑን ደንግጓል፤ ከዓላማው ሌላ ውጤቱንም ስለሚመለከት «ክፋት አስበን አይደለም» የሚለው ተወዳጅ መልሳችን አያድንም። አንቀጽ 30 ደግሞ የስፖርትና የመዝናኛ ስፍራዎችን ለይቶ ያነሳል። የስምምነቱን አፈጻጸም የሚከታተለው ኮሚቴ (ይህኛው ሰው አይሸከምም) እ.ኤ.አ. በ2018 ባወጣው አጠቃላይ ማብራሪያ ቁጥር 6፣ ሸክሙ ከመጠን ያለፈ ነው ባዩ ወገን ራሱ እንዲያስረዳ ይጠብቃል። የእኛ ኮሚቴ ግን የአንድ ግንበኛ የዋጋ ግምት እንኳ አላያያዘም፤ በደጋጎች ዘንድ «አቅም የለንም» ማለት በራሱ እንደ ደረሰኝ ይቆጠራል።

ያው ማብራሪያ አድልዎው ከአሠራሩ የመነጨ ሲሆን ለአንድ ግለሰብ ካሳ መክፈል ብቻውን ለውጥ ላያመጣ እንደሚችል ይናገራል። ደጋጎቻችን ይህን ክፍል ባያነቡት ይሻላቸው ነበር፤ ካሳ ተከፍሎ ደረጃዎቹ በቦታቸው ቢቀሩ ሸክሙም ጭብጨባውም በቀጠለላቸው። ጎረቤቴ ግን አንብቦታል። ጥያቄውንና ማኅተም ያረፈበትን መልስ አያይዞ ባቀረበው አቤቱታ፣ ካሳውን በሁለተኛ ደረጃ አስቀምጦ አስቀድሞ የጠየቀው ራምፑ በተወሰነ ጊዜ ውስጥ እንዲሠራ ትእዛዝ እንዲሰጥለት ነው።

ሰብሳቢው ዜናውን ሲሰሙ ክፉኛ አዘኑ፤ «ስንት ጊዜ የተሸከምነው ሰው!» አሉ አሉ፣ እርሳቸው አንድም ቀን ሳይሸከሙ። ለምስክርነት መጀመሪያ የተመዘገበው ግን ሁልጊዜ የኋላውን ጎማ የሚይዘው የጥበቃ ሠራተኛ ሲሆን፣ ወገቡን በመሐረብ እንዳሰረ መጥቶ ፈርሟል።