የጽጌረዳ ፍተሻ ከአጥር ውጭ ይጀመር

ከሆለታ፣ ከመናገሻና ከሰበታ ተጭኖ በመጣ ጽጌረዳ ላይ ተባይ ፍለጋ ቦሌ ሲደረስ የሚጀመር ከሆነ ጊዜው አልፏል። የአውሮፓ ኅብረት ከሚያዝያ 18 ቀን 2017 ዓ.ም ጀምሮ የሚጠይቀው፣ ጽጌረዳው ፎልስ ኮድሊንግ ሞዝ ከተባለው የእሳት እራት ነጻ መሆኑ ከእርሻው በተጀመረ ቁጥጥር እንዲረጋገጥ ነው። አንድ ዕጭ (ከእንቁላሉ የሚፈለፈለው ትል) ብቻ ከተገኘ ጭነቱ አይገባም።

እስቲ ሒሳቡን እንየው። ከ200 የአበባ ዘንግ አንዱ ዕጭ አለበት እንበል። 60 ዘንግ የፈተሸ ባለሙያ ከአራት ጊዜ ሦስቱን ምንም ሳያገኝ ያልፋል። 95 በመቶ እርግጠኛ ለመሆን 600 ያህል ዘንግ ያስፈልገዋል፤ እሱም ዓይኑ አንድም ካልሳተ ነው። ዕጩ ደግሞ እምቡጡን በስቶ ውስጥ ስለሚቀመጥ ናሙናው ተሰንጥቆ መታየት አለበት። ማቀዝቀዣውም አያድንም፤ ብርቱካን ውስጥ ያለውን ዕጭ በቅዝቃዜ ለመግደል እንኳ ዜሮ ዲግሪ አካባቢ ሦስት ሳምንት ገደማ ይፈጃል። አበባ ያን ያህል አይቆይም።

ስለዚህ መከላከያው እርሻው ላይ ነው። የግሪንሃውሱ ድርብ በር የሚሠራው አንዱ ሳይዘጋ ሌላው ካልተከፈተ ብቻ ነው፤ በለቀማ ሰዓት ጋሪ ይመላለሳል ተብሎ ሁለቱም ክፍት ከዋሉ ግን ድርብነቱ ትርጉም የለውም። በሴቷ ሽታ የሚስበው የፌሮሞን ወጥመድ የሚይዘው ወንዱን ብቻ ስለሆነ ባዶ ወጥመድ እንቁላል የለም ማለት አይደለም። የተወገደው እምቡጥ ከማሸጊያው ጀርባ ከተከመረ ዕጩ ወጥቶ አፈር ውስጥ ገብቶ የእሳት እራት ሆኖ ይመለሳል። በዚያው ዕለት በፕላስቲክ ከረጢት ታስሮ መወገድ ይኖርበታል።

ከሁሉ በላይ የሚያሳስበኝ ግን አጥር ማዶ ያለው ነው። ተባዩ በጉሎ፣ በቃሪያና በበቆሎም ይራባል። ገበሬው ጉሎውን ለምጣድ ማሟሻ ብሎ በአጥሩ ዳር የተከለው ስለሆነ፣ ተነሥቶ «ንቀል» ማለት ፍትሕ አይደለም። እርሻዎቹ ካሳውን ይክፈሉ፣ ምትክ ችግኝም ይስጡ። ከአጥሩ ውጭም ወጥመድ ይሰቀል፤ የቀበሌው የግብርና ባለሙያና የእርሻው ተባይ ፈታሽ በየሳምንቱ አብረው ይቁጠሩት፣ ቁጥሩም በአንድ መዝገብ ይስፈር። እያንዳንዱ እርሻ የራሱን ብቻ ከያዘ፣ የእሳት እራቱ ከየት እየመጣ እንደሆነ ማንም ሊያይ አይችልም።